ቀዳዳዋ ሳንቲም

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የምሠራውን ሥራ ለአበሻ ማስረዳት ሁሌም ጊዜ ይወስድብኛል። ጫካ ለጫካ እየዞርኩ በሜታል ዲቴክተር፣ መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ በሚጮህ ማሽን፣ የድሮ ምስማር እፈልጋለሁ። እንጀራዬ ይሄ ነው።

እዚህ አገር በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የወጣ ሕግ አለ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ግንባታ ከመጀመሩ በፊት መሬቱ ላይ ታሪካዊ ነገር መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ከዶዘሩ ቀድመን የምንገባው እኛ ነን። በየ15 ሜትሩ ትንሽ ጉድጓድ እንቆፍርና አፈሩን በወንፊት እንነፋለን። ግን 15 ሜትር ሰፊ ነው። አንዲት ትንሽ ጎጆ በሁለት ጉድጓዶች መሃል ሳትነካ ልታልፍ ትችላለች። ማሽኑን የምንጨምረው ለዚህ ነው።

በትርፍ ጊዜያቸው ማሽን ይዘው የሚወጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት የብረትን ድምፅ ማጥፋት ነው። ብርና መዳብ ብቻ እንዲጮህላቸው። እኛ ብረቱን አናጠፋም። ምክንያቱም ቤት ማለት ምስማር ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ጣሪያው ይወድቃል፣ ምስማሩ ግን ቤቱ በቆመበት አካባቢ ይቀራል። ምስማር ደግሞ ዕድሜውን ይናገራል። እስከ 1790ዎቹ ድረስ አንጥረኛ አንድ በአንድ ቀጥቅጦ ነበር የሚሠራው። ጭንቅላቱ ላይ የመዶሻው ምት እስከ ዛሬ ይታያል፣ በጣትህ ስትዳስሰው እንደ ትንሽ አበባ ነው። ከዚያ በኋላ በማሽን የተቆረጠው መጣ፣ ወደ 1890ዎቹ ደግሞ የዛሬው ዓይነት ክቡ ምስማር። አንድ እፍኝ ዝገት ይዘህ የቤቱን ዘመን መገመት ትችላለህ።

ገጠመኙ የደረሰብኝ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ኅዳር ነው። የአጋዘን አደን ወቅት ስለነበር ሁላችንም ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰናል። ቦታው ከአስፋልቱ አርባ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ የኦክ ጫካ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰው ይኖርበት እንደነበር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይጠፋም። የፈረሰ የጭስ ማውጫ ድንጋይ ይኖራል፣ ወይ ሰው የተከለው አበባ ባለቤቱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ በየጸደዩ ይወጣል። እዚህ ግን ምንም የለም። ቅጠል ብቻ። ቅጠሉ ቁርጭምጭሚት ይውጣል።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ደመናው ከብዷል። የኔ ማሽን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያን የብረት ወፍራም ድምፅ ሲያጉረመርም ነው የዋለው፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ ትንሽ ባንዲራ እየተከልኩ ነበር። ባንዲራው ሳይተከል አካፋ መሬት አይነካም፣ ከሁሉ በላይ ያለው ሕግ እሱ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን ነው የነገሩኝ። ድንገት ማሽኑ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ። ደግሜ አዟዟርኩት። አሁንም ጥርት ያለ። ኪሴን ስዳስስ ባንዲራዎቼ አልቀዋል። ቦርሳዬ ሠላሳ እርምጃ ወዲያ ዛፍ ሥር ነው ያለው። ትንሽ ጫር አድርጌ ልየው ብዬ ተንበረከክኩ።

ከአንድ ስንዝር ባነሰ ጥልቀት ላይ አገኘኋት። ከዳይም፣ ከአሜሪካ አሥር ሳንቲም፣ ትንሽ የምታንስ የስፔን ብር፣ ግማሽ ሪያል። የተቀረጹባት ሁለት ዓምዶች በደብዛዛው ይታያሉ፣ በ1732 እና በ1771 መካከል ሜክሲኮ ከተማ ይታተም የነበረው ዓይነት። የስፔን ብር እዚህ አገር እስከ 1857 ድረስ በሕጋዊ ገንዘብነት ይሠራ ስለነበር መገኘቱ አይገርምም። የገረመኝ ቀዳዳው ነው። ጠርዟ አጠገብ ተበስታለች። ቀዳዳው ደግሞ ክብ አይደለም፣ ወደ ላይ ተስቦ የእንባ ጠብታ መስሏል። ክር ነው የበላው። ሰው አንገት ላይ ወይ ቁርጭምጭሚት ላይ ለዓመታት የተንጠለጠለ ብር ብቻ ነው እንደዚያ የሚሆነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አያቴ በጥቁር ማተቧ ላይ የምታስራት የተበሳች ጠገራ ነበረቻት፣ ባለ 1780ዋ ማርትሬዛ። ልጅ ሆኜ እቅፏ ውስጥ ስቀመጥ በጣቴ የምነካት ቀዳዳዋን ነበር። ልክ እንደዚህች ወደ ላይ ተበልታ ነበር። ሆዴ ባባ። ተነሥቼ ወደ ብርሃኑ ሄድኩ፣ ባልደረባዬን ጠራሁ፣ እሱ ሌላውን ጠራ፣ ተሰብስበን እያገላበጥን አየናት።

አለቃችን መጣች። ሳንቲሟን ሳይሆን እኔን አየችኝ። «ከየት አወጣሃት?» አለች።

ዘወር አልኩ። ቅጠል። በየት በኩል እንደተንበረከክኩ፣ ስንት እርምጃ እንደተራመድኩ አላውቅም። ስንረባረብ ቅጠሉን ረግጠን በትነነዋል። ከዚያ ዝናቡ መጣ። እስኪጨልም በእጃችን ቅጠል እየገለጥን የጫርኩትን አፈር ፈለግን። ማሽኑን መልሰን ብንነዳም ዋጋ የለውም፣ የሚጮኸው ነገር እጄ ላይ ነው።

አለቃችን አልጮኸችብኝም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በ1790 የሕዝብ ቆጠራ ቨርጂኒያ ውስጥ ከነበረው ወደ 747 ሺህ ሰው 292 ሺህ ያህሉ በባርነት የተያዘ ነበር። የጌቶቹ ቤት በጡብ ተሠርቷል፣ በካርታም በውርስ ወረቀትም ላይ አለ። የባሪያዎቹ ጎጆ ግን ግንድ በግንድ ላይ የተነባበረ ነው፣ ብዙ ጊዜ መሠረት የለውም፣ ጭስ ማውጫው እንኳ እንጨትና ጭቃ ነበር። ከመሬቱ በላይ የሚተርፍ ነገር የለም። የሚተርፈው ወለሉ ሥር፣ ምድጃው ፊት ለፊት የሚቆፍሩት ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ እህላቸውንም የግል ዕቃቸውንም እዚያ ያስቀምጡ ነበር። የተበሳ ሳንቲም እንዲህ ካለ መኖሪያ መገኘቱ የታወቀ ነው፣ የፕሬዝዳንት ጄፈርሰን ርስት በነበረው ሞንቲቼሎ የባሪያዎቹ መኖሪያ ላይም ተገኝቷል። በ1930ዎቹ ቃላቸውን የሰጡ በባርነት የኖሩ አዛውንቶችም ብር ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ለድግምትና ለቁርጥማት መከላከያ እንደሆነ ተናግረዋል።

እዚያ ጫካ ውስጥ ሰው መኖሩን የሚያሳየው ምስማሩ ነበር። ሰውየው ወይ ሴትዮዋ የት ጋ እንደተኙ ልታሳየን የምትችለው ግን ያቺ ሳንቲም ነበረች። ጉድጓዱ ከሥሯ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ በምስማሩ ብዛት ተመርተን አራት ቦታ ከፈትን። በአራቱም ጉድጓድ የለም፣ ምድጃም የለም። ጊዜውም ገንዘቡም የተፈቀደው ለአራት ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው ስሙ አልተጻፈ፣ መቃብሩ አይታወቅ፣ ቤቱ በስብሶ አፈር ሆኗል፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቦታዋን ጠብቃ የቆየችለትን አንዲት ምልክት እኔ በአምስት ደቂቃ አጠፋሁበት።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ማሽን የገዙ የእኛ ልጆች የት ሄደን እንቆፍር እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። የፌዴራል መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ጥንታዊ ቅርስ ማውጣት በ1979ኙ ሕግ ወንጀል ነው፣ በፓርክ ውስጥ እንዳታስቡት። የግል መሬት ከሆነ ባለቤቱን ጠይቁ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ከፈቀደላችሁም በኋላ እባካችሁ ባንዲራውን ትከሉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ ቆፍሩ። የስልክ ጂፒኤስን አትመኑ፣ ዛፍ ሥር በብዙ ሜትር ይሳሳታል። ምስማሩንም አትጣሉት።

ሳንቲሟ አሁን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ፣ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ናት። ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚሞላው ያገኘው ሰው ስለሆነ የሞላሁት እኔ ነኝ። «ቦታ» በሚለው መስመር ላይ በእጄ የጻፍኩት «በግምት» የሚል ነው።