ጢያን በአንድ ቀን ለማየት እንዴት እንዳቀድኩ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የጢያን ትክል ድንጋዮች አይቶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃል። ርቀቱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወስደው አስፋልት መንገድ በጢያ ከተማ ያልፋል። ድንጋዮቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እንዲህ ቅርብና እንዲህ የከበረ ቦታ ሆኖ ሳለ ከማውቃቸው የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መካከል ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እናቴን፣ እህቴንና የእህቴን ልጆች ይዤ የሄድኩበትን ዝግጅት በዝርዝር የምጽፈውም ሌላ ቤተሰብ እንዲነሳሳ ብዬ ነው።

ከመኪናም ከምሳም በፊት ያደረግኩት ማንበብ ነበር። ጢያ እንደ ላሊበላ ገና ሲያዩት የሚያስደነግጥ ሕንፃ የለውም። አጥር የተከለለ ሜዳ ነው፤ በላዩ የተተከሉ 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነሱም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ምንም ሳያውቅ የሄደ ሰው በሩብ ሰዓት ዞሮ «ይኸው ነው?» ብሎ ይመለሳል። ጢያ በሚገኝበት በሶዶ አካባቢ ብቻ ወደ 160 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቦታዎች እንደተገኙ፣ ጢያም ከእነሱ ዋነኞቹ አንዱ እንደሆነ አስቀድሞ የተረዳ ግን ሜዳውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

ለእኔ ከሁሉ በላይ ክብደት የነበረው ቦታው መቃብር መሆኑን ማወቄ ነው። በቁፋሮ የተገኙት አፅሞች አብዛኛዎቹ የወጣቶች ናቸው፤ በእናቱ ማኅፀን እንዳለ ሕፃን ተኮራምተው ነው የተቀበሩት። ይህን ለልጆቹ ከጉዞው በፊት ነገርኳቸው። ድንጋዩ ላይ አትውጡ፣ አትደገፉ፣ ጣታችሁን በቅርጹ ውስጥ አታስገቡ ብዬ ደንብ መደርደር አላስፈለገኝም። በአያታቸው መቃብር ላይ ማንም ተቀምጦ ፎቶ እንደማይነሳ ያውቃሉ፤ እዚያም እንደዚያው ሆኑ። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

ቀጥሎ የቀኑን ቅደም ተከተል ወሰንኩ። በዚያው መስመር ሁለት ሌሎች ትልልቅ ቦታዎች አሉ፤ በአዋሽ ወንዝ ዳር የቅድመ ታሪክ ሥፍራው መልካ ቁንጡሬ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ደግሞ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም። አስጎብኚ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ሦስቱንም በአንድ ቀን ያሳያሉ፤ ይቻላልም። እኔ ግን ጢያን የቀኑ እምብርት አድርጌ ሌላውን በትርፍ ሰዓት ለማየት መረጥኩ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በሚቀርበው ቦታ አልጀመርኩም። ሩቁን አስቀድሜ፣ የቀሩትን በመመለሻ መንገድ ላይ አደረግኩ። ለዚህ ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው ቤተ ክርስቲያኗ አገልግሎት የሚሰጥባት ስለሆነች በማለዳ ቅዳሴ ላይ ጎብኚ ይዞ መግባት አይገባም። ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። የድንጋዮቹ ቅርጽ ጥልቀት የለውም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ይጠፋል፣ ከጎን ስትዳብሰው ግን ጥላ ይዞ ይወጣል። ጠዋት ደርሶ ሁለት ሰዓት ያህል መቆየት ማለት ፀሐይዋ ስትዞር ቀድሞ ያላዩትን ማየት ማለት ነው።

ወቅቱንም አስቤበታለሁ። ክረምት ላይ ወደ አዳዲ የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ይጨቀያል፣ ሣሩም የአጫጭሮቹን ድንጋዮች ግርጌ ይሸፍናል። ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ ያቆማል፣ አገሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ቀኑን ስመርጥ ረቡዕና ዓርብን ተውኩ፤ እናቴ ትጾማለች፣ ልጆቹ ደግሞ በመልስ ክትፎ ተስፋ አድርገዋል። በዋዜማው በመስመሩ ለሚመላለሱ ሹፌሮች ደውዬ የመንገዱን ደኅንነት ጠየቅሁ። ይህን በዚህ ዘመን ማንም ሊዘለው አይገባም፤ ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ትናንት ያለፈበት ሹፌር ያውቃል። ነዳጅ ከአዲስ አበባ ሞላን፤ ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ዘርዝሬ ያዝኩ። ለእናቴ ተጣጣፊ ወንበርና ጃንጥላ ጨመርኩ። ወንበሩ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ቀኑን የወሰነው እሱ ነው። የሚያርፉበት ካላገኙ ትልልቅ ሰዎች ቶሎ «በቃ እንሂድ» ይላሉ፤ ካረፉ ግን ከሁላችንም በላይ ያያሉ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣን። በዓለም ገና የጭነት መኪናው ሳይበዛ ማለፍ ትልቅ እፎይታ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ክፍት ነው፤ በየትንንሹ ከተማ ግን ከብቱም ጋሪውም ባጃጁም አስፋልቱን ስለሚጋራ ፍጥነት አይታሰብም።

ጢያ ስንደርስ ያገኘነው አስጎብኚ የአካባቢው ልጅ ነበር። አስጎብኚ ሳይዙ መግባት ትልቅ ነገር ማጣት ነው። ድንጋዮቹ ቁመታቸው የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ ከወገብ አይዘልም፣ ሌላው ከሰው በላይ ነው። ተደጋግሞ የሚታየው ቅርጽ ሰይፍ ነው፤ በአንዱ ላይ ጥቂት፣ በሌላው ላይ ብዙ። ሰይፎቹ ሟቹ የጣላቸውን ጠላቶች ይቆጥራሉ የሚል ትርጓሜ አለ፤ አስጎብኚያችንም ይህን ሲነግረን «ይባላል» ብሎ ነው። ለዚህ ጥንቃቄው አከበርኩት። የቅርጾቹ ትርጉም በአብዛኛው እስከ ዛሬ አልተፈታምና እርግጠኛ ሆኖ የሚያወራ ሰው ቢያጋጥመን ባልወደድኩት ነበር። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» እያለ እንደሚጠራቸውም ነገረን። ኢማም አሕመድ የኖሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ መቃብሮቹ ግን ከእሳቸው ዘመን በፊት የነበሩ ናቸው። ታሪኩ ከድንጋዩ ጋር ባይገጥምም ሕዝቡ ይህን ያህል ዘመን ድንጋዮቹን በስም እየጠራ አብሯቸው መኖሩ ለእኔ ራሱን የቻለ ቅርስ ነው።

በአንዳንዶቹ ላይ ከሰይፎቹ በታች ቅጠሉን ወደ ጎንና ወደ ጎን የዘረጋ ተክል የመሰለ ምልክት አለ። አስጎብኚው ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ ይህ ለእርስዎ ምን ይመስላል?» አላት። እናቴ ቡታጅራ አካባቢ ተወልዳ ያደገች ናት። «እንሰት ነው እንጂ፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አለች ሳታመነታ። ብዙ ሰዎች ምልክቱን ከእንሰት ጋር እንደሚያያይዙት አንብቤ ነበር፤ ሌላ ሐሳብም አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን በየትኛውም ዝግጅት የማይገኝ ነው። ወንበሯ ላይ ሆና እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እንዴት እንደሚብላላ፣ ቡላው ከየት እንደሚወጣ ለልጅ ልጆቿ አስረዳች። ልጆቹ ከከተማ ወጥተው እንሰት ሲፋቅ አይተው አያውቁም። አስጎብኚውም ቆሞ አዳመጣት። ያቀድኩት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ማንንም አላቻኮልኩም።

አዳዲ ማርያም የደረስነው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከምድር በላይ ጣሪያዋ ብቻ የሚታይ፣ ዙሪያዋ ተቆፍሮ ወደ ታች የወረደች ናት፤ ትውፊቱ ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣታል። ደረጃውና ወለሉ ለእግር ስለሚያስቸግር እናቴን ከሁለት ወገን ይዘን ወረድን። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ለሴቶች ነጠላ አይረሳ።

መልካ ቁንጡሬን በዚያ ቀን አልጨመርነውም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የረገጡ ሕፃናት የእግር ዱካ ሳይቀር የተገኘበት ቦታ በድካም ላይ ተደርቦ መታየት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ወጣቶች ብቻ ከሆናችሁና ከአዳዲ እስከ ስምንት ሰዓት ከወጣችሁ በመንገዳችሁ ላይ ነው፤ ሙዚየሙ ክፍት መሆኑን ግን ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ። ሽማግሌና ሕፃናት ከያዛችሁ ለብቻው ግማሽ ቀን ስጡት፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።