ፓርተኖንን በቪዲዮ ጌም ውስጥ እንዴት አጠናሁት

ስለ ጥንታዊ የግሪክ ቤተ መቅደሶች ማንበብ በጣም እወዳለሁ። መጻሕፍቱ ላይ ያሉት ፎቶዎች ግን ሁሌም ያው ናቸው፤ ነጭ ድንጋይ፣ የተሰበረ ዓምድ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት። የአቴንሱን ፓርተኖን ሙሉ ሆኖ ለማየት ስል አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲን ከፈትኩ። ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጌም ነው። በ2019 «ዲስከቨሪ ቱር» የሚባል ክፍል ተጨምሮለታል። እዚያ ውስጥ ውጊያ የለም፤ መዞር፣ ማየትና ማብራሪያ መስማት ብቻ።

መጀመሪያ የያዝኩት ዘመኑን ነው። የጌሙ ዋና ታሪክ የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ነው። የፓርተኖን ሥራ ደግሞ በ447 ተጀምሮ በ432 አለቀ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የማየው ጥንታዊ ፍርስራሽ ሳይሆን ገና ቀለሙ ያልደበዘዘ አዲስ ሕንፃ ነው። በአጠገቡ የሚያልፉት ሰዎች መሠረቱ ሲጣል የነበሩ፣ በወጪው የተከራከሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ሁሉንም ነገር ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች በሙሉ አጠፋሁ። ሩጫም ተውኩ። እንደ አንድ የአቴንስ ሰው ከምዕራብ፣ በትልቁ በር በፕሮፒላያ በኩል ፓርተኖን ወዳለበት ወደ አክሮፖሊስ ኮረብታ ገባሁ። ከምዕራብ ስትገቡ ከፊት የሚታያችሁ የፓርተኖን ጀርባ ነው! ዋናው መግቢያ በምሥራቅ በኩል ነው። ውስጥ ያለውን ሐውልት ለማየት የመጣ ሰው ሕንፃውን ዞሮ መሄድ ነበረበት። ይህን በወለል ንድፍ ላይ አይቼው አውቃለሁ፤ በእግር ሲሄዱት ግን የተለየ ነው።

በሰሜኑ ጎን ስሄድ ዓምዶቹን ቆጠርኩ። በትክክለኛው ሕንፃ ላይ ከፊት 8፣ ከጎን 17 ናቸው፣ የማዕዘኖቹ ሁለቴ ተቆጥረው። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ የቤቱን ወርድና ርዝመት 4 ለ 9 አድርገውታል፤ 30.9 ሜትር በ69.5 ሜትር። ወረቀት ላይ በዚህ ልክ ንድፍ ሣልኩና እያየሁ የማገኘውን ሁሉ በቦታው መጻፍ ጀመርኩ። ከውጪዎቹ ዓምዶች በስተጀርባ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ አናት ላይ፣ 160 ሜትር ያህል የሚረዝም የሰልፍ ቅርጽ ነበረ። ሰልፉ ከደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ተነስቶ ለሁለት ይከፈልና ምሥራቅ ላይ ይገናኛል። በሰሜን በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ድንጋይ ላይ ከተቀረጹት ፈረሰኞች ጋር እኩል ይጓዛል ማለት ነው። በጣም የወደድኩት ይህንን ነው። ሠሪዎቹ የሰውን አካሄድ እያሰቡ የቀረጹት ይመስለኛል።

ውስጥ የቆመችው የአቴንስ ጠባቂ የምትባለው ሴት አምላክ አቴና ናት። ፊዲያስ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ የሠራት፣ ወደ 12 ሜትር የምትጠጋ ሐውልት ነበረች። ዛሬ የለችም። የምናውቃት በጥንት ጸሐፊዎች ገለጻና በሮማ ዘመን በተቀረጹ ትንንሽ ቅጂዎች ነው። ወርቋ 40 ታለንት፣ ማለትም አንድ ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ልክ የአቴንስና የስፓርታ ጦርነት ሊጀመር ሲል የአቴንሱ መሪ ፔሪክሊስ ለአቴናውያን ስለ ገንዘባቸው ሲናገር ይህን ወርቅ ጭምር እንደቆጠረው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ጽፏል፤ ከሐውልቷ ይነቀላል፣ ኋላ ግን መመለስ አለበት ብሎ። ሕዝቡም ውስጥ ተሰብስቦ አያመልክም ነበር። መሠዊያው ውጪ ነው። እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት አይፈልጉበት።

እዚህ ላይ ስደርስ አሠራሬን ቀየርኩ። ወረቀቴ ላይ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ መጠቀም ጀመርኩ። በጥቁር ዛሬም ድንጋዩ ላይ የሚታየውን፣ በሰማያዊ ጥንታዊ ጽሑፍ ወይም ቅጂ የሚመሰክርለትን፣ በቀይ የጌሙ ሠሪዎች በግምት የሞሉትን። የአክሮፖሊስ ሙዚየምንና የብሪቲሽ ሙዚየምን ፎቶዎች በሌላ መስኮት ከፍቼ አንድ በአንድ አስተያየሁ። ለምሳሌ ቅርጾቹ ቀለም እንደነበራቸው ጥርጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 በብሪቲሽ ሙዚየም የተደረገ ምርመራ «የግብፅ ሰማያዊ» የሚባል ጥንታዊ ቀለም ለዓይን የማይታይ ቅሪት አግኝቷል። እያንዳንዱ ልብስ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው የሚለው ግን አብዛኛው ግምት ነው። ጌሙ ባዶ ቦታ መተው አይችልም፤ ግድግዳው ሁሉ አንድ ነገር መምሰል አለበት። ስለዚህ ቀዩ እስክሪብቶ በዛ፤ ደግሞም በጣም የጠቀመኝ እሱ ነው። ቀይ ባለበት ሁሉ ጥያቄ አለና ወደ መጽሐፍ ተመለስኩ።

ለመሞከር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አንድ ነገር አለ፤ ማብራሪያውን ከመስማታችሁ በፊት ብቻችሁን ዙሩ። ማብራሪያው ጥሩ ነው፣ ግን ወዴት ማየት እንዳለባችሁ ቀድሞ ይወስንላችኋል። ሰዓቱን እየቀያየራችሁም እዩ። የጠዋት ብርሃን በምሥራቁ በር ሲገባ አቴና ለምን ፊቷን ወደዚያ እንዳዞረች ይገባችኋል።

አሁን ወደ ኦሎምፒያው የዜውስ ቤተ መቅደስ አልፌያለሁ። እሱ 6 በ13 ዓምድ ነው፤ በእብነ በረድ ሳይሆን በአካባቢው ኖራ ድንጋይ ተሠርቶ በልስን የተሸፈነ። የዜውስንም ሐውልት የሠራው ፊዲያስ ነው። የሠራበት ቤት በቁፋሮ ተገኝቷል፤ ስፋቱም ሐውልቱ ከቆመበት ክፍል ጋር ይቀራረባል። ንድፌን የጀመርኩት ከዚያ ቤት ነው።