ማልሞ ላይ ዝናብ ስጠብቅ

የስዊድኗ ማልሞ ከገባሁ ሦስት ቀኔ ነው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። የአክስቴ ልጅ ሳቀችብኝ። «አዲስ አበባን በሐምሌ ጥለህ መጥተህ ዝናብ ትጠብቃለህ?»

አውጉስተንቦርግ የሚባለውን ሰፈር በደረቁ አይቼዋለሁ፤ የቀረኝ ሲዘንብ ማየት ነው። ከ1948 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. የተሠራ የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነው። ድሮ የዝናቡም የሽንት ቤቱም ውሃ በአንድ ቱቦ ስለሚሄድ፣ ዶፍ በወረደ ቁጥር ቱቦው ሞልቶ ወደ ምድር ቤቶቹ ይመለስ ነበር። ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ አልናገርም። ከ1998 ጀምሮ ታዲያ የዝናቡን ውሃ ከቱቦው አውጥተው ሜዳ ላይ ለቀቁት።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ፤ ጃንጥላ ይዤ ሮጥኩ። ከጣሪያ በአሸንዳ የሚወርደው ውሃ መሬት ውስጥ አይሰወርም፤ በጠባብ የሲሚንቶ ቦይ እግር ሥር ይፈሳል። አንዳንዱ ቦይ ወለሉ ጉብ ጉብ ያለ ስለሆነ ውሃው እየተጋጨ ይዘገያል። ተከተልኩት፦ ከቦዩ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ቄጠማ ወደበቀለበት ኩሬ። ጎርፍ ሲጣደፍ እንጂ እንዲህ ሲንሸራሸር አይቼ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ደግሞ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ዙሪያውን ደረጃ ያለው መቀመጫ አለ፤ ዶፍ ሲመጣ ውሃ ይጠራቀምበታል። የዚያን ዕለት ግን ታቹ ብቻ ረጠበ። ለካ የእነሱ ዝናብ የእኛን ካፊያ ያህል ነው።

ጣሪያዎቹ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ስስ አፈር ላይ የተተከለ፣ በወፍራም ቅጠሉ ውሃ የሚቋጥር አጭር ተክል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘንብበት ግማሽ ያህሉን ያስቀራል።

ኦገስት 31 ቀን 2014 ማልሞ ላይ በጥቂት ሰዓታት 100 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ። አውጉስተንቦርግ ከአካባቢው ሰፈሮች በጣም ያነሰ ጉዳት ደረሰበት። የአክስቴ ልጅ ሌላ ሰፈር ነበረች፤ «የሠርግ አልበሜ ምድር ቤት የቀረው ያኔ ነው» አለችኝ።

እንዳለ ገልብጠን አዲስ አበባ እንትከለው አልልም። ማልሞ እንደ ምጣድ ሜዳ ናት፤ የእኛ ውሃ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ እየተንደረደረ ነው አቃቂ የሚደርሰው። ማዘግየቱ ከላይ፣ ከየግቢው መጀመር አለበት፤ ሁሉን ሲሚንቶ የምናለብሰው ግን ያንኑ ግቢ ነው።

ማታ ስልኬን ተቀብላ ፎቶ ስታገላብጥ ቆየች።

«ቦይ፣ ቦይ፣ ኩሬ፣ ቦይ... ለእማዬ የምልክላት የአንተ ፎቶ የለም?»