ጉንፋን አይደለም

ሰው ሲያገኘኝ የመጀመሪያ ጥያቄው "ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?" ነው፣ ምክንያቱም ድምፄ ታፍኖ ነው የሚወጣው። ድሮ "አዎ ትንሽ" ብዬ አልፍ ነበር አሁን ግን ደክሞኛል። ጉንፋን አይደለም እኮ። ጉንፋን ሳምንት አስር ቀን አስጨንቆ ይሄዳል፣ የኔ ግን ሃይስኩል እያለሁ ጀምሮ ክረምት የለ በጋ የለ አብሮኝ አለ። ቀን አንዱ የአፍንጫዬ ቀዳዳ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፣ ማታ ደግሞ ሁለቱም ተደፍነው ያድራሉ። እንደኔ የሆነ ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አብዛኛው ግን "አፍንጫ ተዘጋ ብሎ ሀኪም ቤት ይኬዳል እንዴ" ስለሚባል ዝም ብሎ ነው የሚኖረው፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

ሰው የማያውቀው ምን ያህል ነገር እንደሚወስድ ነው። እንቅልፍ በሉት። በአፌ እየተነፈስኩ አድርና ጠዋት ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነው የምነሳው፣ ስምንት ሰዓት ተኝቼም ያልተኛሁ ያህል ይደክመኛል። ሶላት ላይ ሱጁድ ስወርድ ግንባሬ መሬት ሲነካ ፊቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደፊት የሚመጣ ይመስለኛል፣ ከአይኔ ስር ይወጥረኛል፣ ውዱእ ሳደርግ ደግሞ ወደ አፍንጫዬ የምስበው ውሃ መግቢያ አጥቶ ይመለሳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንኳን ስሄድ አያርፈኝም። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ከዛ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ እና መኪናው በሐረጎ ሲጠማዘዝ ሲወርድ ሌላው ተሳፋሪ አንዴ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ጆሮው ሲከፈትለት የኔ ድፍን ብሎ ይቀራል፣ አፍንጫና ጆሮን የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ስለሚያብጥ ነው አሉኝ። አንዳንዴ ገበያ ጨርሼ እስክመለስ ሰው የሚያወራኝን በግማሽ ነው የምሰማው።

ከሁሉም የጎዳኝ ግን ሽታ ነው። ምግብ ጣዕሙ አብዛኛው ከአፍንጫ ነው፣ ምላስ ጨው ጣፋጭ መራራ ኮምጣጣ ምናምን ይለያል እንጂ ቅቤው ውስጥ ያለውን ኮሰረት፣ ሽሮው ላይ ያለውን በሶብላ የሚነግርሽ አፍንጫ ነው። እና እኛ ቤት ቡና ሲቆላ እናቴ መቁያውን ይዛ እንግዳው ሁሉ ፊት ታዞረዋለች፣ እያንዳንዱ ጭሱን በእጁ ወደራሱ ሳብ እያደረገ "እሰይ፣ ገለታ ይግባው" ይላል፣ እኔም በእጄ ሳብ አደርግና እላለሁ፣ ግን ምንም አይሸተኝም ነበር። ወላሂ ይሄ ያስለቅሳል። አጠገብሽ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ውስጥ ገብቶ አንቺ በር ላይ ቆመሽ የቀረሽ ነው የሚመስልሽ።

ያልሞከርኩት የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤታችን በራሳቸው እጅ ዳማከሴ ጨምቀውልኛል፣ ምች ነው ብለው። እናቴ የባህር ዛፍ ቅጠል አፍልታ በፎጣ ሸፍና ታጥናኛለች። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም ቡናው ላይ። እነዚህን ማንም እንዲያጣጥልብኝ አልፈልግም ምክንያቱም የሰጡኝ ሰዎች በፍቅር ነው የሰጡኝ፣ እንፋሎቱም ለጥቂት ሰዓት እውነት ያቀላል (ብቻ ለህጻን ልጅ የፈላ ውሃ ላይ ማጎንበስ አታድርጉ፣ ሲደፋ የሚያቃጥለው ከአፍንጫው ይብሳል)። ሜንቶል ያለበት ባልም ሲቀባ ደግሞ ክፍት ያለ ይመስላል፣ በኋላ እንደተረዳሁት ግን ሜንቶል መንገዱን አይከፍተውም፣ ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ስለሚነካ ነው አየር የገባልን የሚመስለን።

ክሊኒክም ሄጃለሁ። "ሳይነስ ነው" ይሉኛል፣ አሞክሳሲሊን ይጽፉልኛል፣ ጨርሼ ያው ነኝ፣ ስመለስ ሌላ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ። አፍንጫዬን በመብራት ያየ ሰው አልነበረም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል ምክንያቱም አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ነው የሚገድለው፣ የኔ ደግሞ በኋላ እንደታወቀው አለርጂ ነው፣ አለርጂ ላይ ምንም አይሰራም፣ ያንን ሁሉ ኪኒን የዋጥኩት በከንቱ ነው።

መጨረሻ ላይ አንገት በላይ ሀኪም ጋ ደረስኩ። ወረፋው ረጅም ነበር ግን የተቀመጥኩበት ደቂቃ ሁሉ ዋጋ ነበረው። አፍንጫዬን በትንሽ መክፈቻ ብረት ከፈት አድርጎ በመብራት አየና "እህቴ፣ የዘጋሽ ንፍጥ አይደለም ስጋው ነው ያበጠው፣ ለዛ ነው ብትናፈጪም የማይከፈትልሽ" አለኝ። ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አፍንጫ ውስጥ በየጎኑ እንደ መደርደሪያ የተደረደሩ እጥፋቶች አሉ፣ ተርቢኔት ይባላሉ፣ ስራቸው የምንስበውን አየር ማሞቅና ማራስ ነው፣ ደም ሲሞላቸው ያብጣሉ። ጤነኛ ሰው ላይም አንዱ ጎን አበጥ ሌላው ጎደል እያለ በየተወሰነ ሰዓቱ ይፈራረቃል፣ ሰውየው ግን አይሰማውም፣ እንደኔ ቀድሞውኑ በአለርጂ ያበጠ ሲሆን ነው ፈረቃው ሁሉ የሚታወቀው። በጎን ስንተኛ ወደ ታች ያለው የሚደፈነውም ለዚሁ ነው። መሀል ያለው አጥንቴም ትንሽ ጠመም ብሏል አለኝ ግን ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው አይደለም፣ መጀመሪያ እብጠቱን እናውርድ አለ።

ከዛ ስራዬን ጠየቀኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሱፍና ጀርሲ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስትገባ አየሩ ላይ ሲንሳፈፍ በአይን ይታያል፣ እና እኔ ያንን ስስብ ነው የምውለው። "ቤትስ ምን ይጨሳል?" አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ዝም ያልኩበት ይገባዋል። እናቴ እጣን ሳታጨስ ቡና አታፈላም። ጠዋት አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ማጨሻው ላይ ፍሙን አድርጋ እጣኑን በተን ታደርግበታለች፣ ጭሱ ሲነሳ እጇን ዘርግታ ለልጆቿ ለጎረቤቱ ለሀገሩ ዱአ ታደርጋለች፣ ለሷ ዱአው ከጭሱ ጋር አብሮ ነው የሚወጣው። ያንን "አቁሚልኝ" ማለት እንዴት ይሆናል? ግን ደግሞ ክረምት ላይ ከጦሳ ጉሙ ሲወርድ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፣ ከሰሉ እዛው ነው እጣኑ እዛው ነው፣ እኔ ከረከቦቱ ፊት ቁጭ ብዬ አይኔ ያለቅሳል አፍንጫዬ ይደፈናል።

ነገርኳት። ሀኪሙ ያለውን እንዳለ ነገርኳት። መጀመሪያ ከፋት፣ "ስንት ዘመን የታጠነ ቤት ዛሬ በሽታ ሆነ?" አለች፣ "ያለ እጣን ምኑን ቡና ነው" አለች። እኔም እጣኑ መጥፎ ነው አላልኩሽም እማ፣ ጢሱ ነው ለኔ የከበደኝ፣ ተይው አላልኩም ግን ደጅ ላይ ቢሆን አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ከቀናት በኋላ ግን ማጨሻውን በረንዳው ላይ አውጥታ ዱአዋን እዛው አድርጋ ፍሙ ሲበርድ ነው ወደ ውስጥ የገባችው፣ አሁን እንደዛ ሆኖ ቀርቷል፣ ከሰሉንም ደጅ አቀጣጥላ ጭሱ ከወጣለት በኋላ ነው የምታስገባው። ስለዚህ ነገር ከእሷ ጋር መልሰን አላወራንም። ይሄን የምጽፈው ብዙ ሰው ወይ ባህሉን ወይ ጤናውን ምረጥ የተባለ ስለሚመስለው ነው፣ ቡናችን እኮ አልቀረም፣ አቦል ቶና በረካ እንደድሮው ነው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ አፍንጫዬን በጨው ውሃ ማጠብ ነው። ማታ ውሃ አፈላና ክዳኑን ገጥሜ አሳድረዋለሁ፣ የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አፍንጫ ውስጥ አይገባም ይሄን አደራ። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ገደማ፣ ለብ አድርጌ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ቆንጠር ያለች ቤኪንግ ሶዳ እጨምርበታለሁ፣ ሶዳው እንዳይለበልብ ነው። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ትልቁን ሲሪንጅ ገዝቻለሁ። ሳፋ ላይ አጎንብሼ ራሴን ወደ ጎን አዘንብዬ አፌን ከፍቼ ከላይ በኩል ባለው ቀዳዳ ቀስ አድርጌ እገፋዋለሁ፣ ውሃው በሌላው በኩል ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን የሚያንቅ ይመስላል፣ አያንቅም፣ በአፍ እየተነፈሱ ነው። ጭራሽ ከተደፈነ ግን በጉልበት አይገፋም፣ ጆሮ ያሳምማል።

ትንሽ ቆይቼ ሀኪሙ ያዘዘልኝን እብጠት የሚያወርድ የአፍንጫ ስፕሬይ እነፋለሁ። ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን፣ ቤክሎሜታሶን የሚባሉት ስቴሮይዶች ናቸው፣ ሀኪም የሚያዝላችሁን። ሰው ስቴሮይድ ሲባል ይደነግጣል፣ እኔም ጠይቄዋለሁ፣ መጠኑ ትንሽ ነው እዛው አፍንጫው ላይ ነው የሚሰራው አለኝ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የአፍንጫ መድረቅና መድማት ነው። አነፋፉ ላይ ግን ብዙ ሰው አልተነገረውም፦ ራስ ወደ ፊት ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በቀኝ እጅ ለግራው ቀዳዳ በግራ እጅ ለቀኙ፣ ጫፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ እንጂ ወደ መሀሉ አጥንት አይሁን፣ ከዛ በቀስታ መሳብ ነው፣ በኃይል ከተሳበ ጉሮሮ ገብቶ ይባክናል። በረመዳን ለሌሊት አድርጌዋለሁ ከኢፍጣር በኋላ። ሴትሪዚን የሚባል የአለርጂ ኪኒንም አለኝ፣ እሱ ግን ለማስነጠሱና ለማሳከኩ እንጂ ለመደፈኑ ብዙም አይደለም።

ትዕግስት ይፈልጋል። ስፕሬይ ዛሬ ተነፍቶ ዛሬ አይከፍትም፣ ቀናት ይወስዳል፣ ሙሉ አቅሙን እስኪያሳይ ሁለት ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን "አይሰራም" ብሎ ይጥለዋል። በደቂቃ የሚከፍተው ሌላው ነው፣ ዛይሎሜታዞሊን ያለበት ጠብታ። አጠገቤ ሱቅ ያላት ጓደኛዬ ያለሱ ከቤት አትወጣም ነበር፣ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ትራስጌዋ አንድ። ደም ስሩን ጭምድድ አድርጎ ይከፍታል፣ ግን ከአምስት ቀን በላይ በተከታታይ ሲወሰድ አፍንጫው ለምዶት ሲያልቅ ከበፊቱ ብሶ ያብጣል፣ ከዛ ለእብጠቱ ጠብታ፣ ለጠብታው እብጠት። የኔ ሀኪም ጋ ወስጃት ጠብታውን መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ ብቻ አቁማ በስፕሬዩ እየታገዘች ተላቃዋለች፣ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ነበሩ ቁጭ ብላ ያደረችበት አለ፣ አሁን ደህና ናት አልሐምዱሊላህ።

ቤትም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፣ አሮጌውን የጥጥ ትራስ አስወጣሁት፣ አንሶላ በሙቅ ውሃ ነው የሚታጠበው፣ ሱፍ ስቆርጥ ማስክ አደርጋለሁ፣ ወለሉን ከመጥረጌ በፊት ውሃ ረጨት አደርጋለሁ።

ድኛለሁ አልልም። መስከረም ላይ ሳሩና አበባው ሲወጣ አሁንም ያስነጥሰኛል፣ ስፕሬዩ ፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ግን እተኛለሁ። እና ሽታ ተመልሶልኛል፣ መጀመሪያ የተመለሰው ቡና መስሏችሁ ይሆናል፣ የስፌት ማሽን ዘይት ነው! ማሽኑን እየቀባሁ እያለ ድንገት ሸተተኝ፣ ጨርቁን አስቀምጬ ጣቴን ደጋግሜ አሸተትኩት፣ ደንበኛዬ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መደፈኑ በአንድ በኩል ብቻ ሆኖ ደም ከተቀላቀለበት በቤት አትያዙት ቶሎ ታዩ። ህጻን ልጅ ደግሞ ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣው ባቄላ ወይ ዶቃ ከቶ ሊሆን ይችላል።

የወንድሜ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፣ አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ ሲያንኮራፋ ከሌላ ክፍል ይሰማል፣ አንዳንዴ ትንፋሹ ቆም ይልና ደንግጦ ይነቃል። ቤተሰቡ "እንደ አክስቱ ነው" ብሎ ይስቃል። ልጅ ላይ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ አድኖይድ የሚሉት ሲያድግ እንደዛ ያደርጋል፣ እንቅልፉንም መስሚያውንም ሊነካበት ይችላል፣ ሊታይ ይገባዋል ብዬ ወንድሜን ሰሞኑን ስጨቀጭቀው ከርሜ ትናንት እሺ አለኝ። ማክሰኞ እኔው አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ ሌሊት ሲያንኮራፋ በስልክ ቀርጬዋለሁ ለሀኪሙ ላሰማው።