ጡት ማጥባት በነፃ ነው ላሉኝ ሁሉ

ጎንደር ውስጥ የመጀመሪያ ልጃችሁን የምትወልዱ ከሆነ ክትትሉ፣ ክትባቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ ብዙም አያስጨንቃችሁ፤ ወረፋ ይዛችሁ የምትጨርሱት ጉዳይ ነው። ማንም ያላስጠነቀቀኝና እስካሁን የሚያናድደኝ ጡት ማጥባት የሚጀመርበት፣ ከወሊድ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቀን ነው።

የወለድሁት በኦፕሬሽን ነው። ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ እንዳለበት፣ እስከ 6 ወሩም ውሃ እንኳ እንደማያስፈልገው በክትትሉ ጊዜ ደጋግመው አስተምረውናል። እኔ ግን ከኦፕሬሽን ክፍል ስወጣ ልጄ ተጠቅልሎ ሌላ ክፍል ከእናቴ ጋር ነበር፤ ባለቤቴ ደግሞ በቁራጭ ወረቀት የዱቄት ወተት ስም ተጽፎለት ወደ ፋርማሲ ሄዷል። ተረኛዋን «ሲስተር፣ ለምን አላጠባውም?» ብላት «ወተትሽ ገና አልመጣም እናት፤ አሁን አርፊ» ብላኝ አለፈች። ወተት በብዛት የሚመጣው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደሆነ፣ እስከዚያው ለሕፃኑ የሚበቃው ያ ቢጫው እንገር መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ አይመስለኝም። የጠፋው ስፌቷ የሚያማትን ሴት ደግፎ ልጇን የሚያስይዛት ሰው ነው።

እናቴ ከዳባት ስትመጣ የሕፃኑን ጉሮሮ የምታለሰልስበት ለጋ ቅቤ ይዛ ነበር፤ ገና ከዘንቢሏ ስታወጣው የጤና ባለሙያዎቹ ተቆጧት። መከልከላቸው ትክክል ነው። የባላገሯን ቅቤ የከለከለ ሰው የዱቄት ወተቱን ጣሳ በገዛ እጁ ጽፎ ማዘዙ ግን አይዋጥልኝም፤ እንዲህ ያሉ ምርቶች በጤና ተቋም እንዳይተዋወቁ የሚያሳስብ ዓለም አቀፍ ደንብ ከወጣ እኮ ቆይቷል፤ በፈረንጆቹ 1981 ነው።

ያዳነችን ሌሊት የገባች አዋላጅ ናት። በጎኔ አስተኝታ ከጀርባዬ ብርድ ልብስ አስደገፈችኝ፤ የልጁን ሆድ ከሆዴ አገጣጥማ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠበቀች። አገጩ ጡቴን ሲነካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ሲገለበጥና በጡቴ ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁሩ ክፍል ከላይ በኩል በርከት ብሎ ሲታይ «አሁን ያዘ» አለች። ይህን ሁሉ ለማሳየት የፈጀባት አንድ ቡና የሚፈላበትን ጊዜ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ወተት ግዙ ስትባሉ ወደ ፋርማሲ ከመሮጣችሁ በፊት ለልጁ የታዘዘበትን ምክንያት ጠይቁ፤ ምክንያቱ «ወተት አልመጣም» ብቻ ከሆነ የሚያስይዛችሁ ሰው እስኪመጣ ድረስ ወጥራችሁ ጠይቁ። ባለጌ ቢሏችሁም ግድ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የምሠራው ፒያሳ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት በገንዘብ ተቀባይነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ይህ ግን 6 ወር ሊሞላ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የቀረውን ጊዜ ከየት እንደምናመጣው 6 ወር አጥቡ የሚሉን አይነግሩንም። ግቢያችን ውስጥ የምትኖረው፣ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ጎረቤቴ ይህም የላት፤ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ነው ምጣዷ ላይ የተመለሰችው። የምታጠባ እናት በቀን ሁለት ተጨማሪ ምግብ ትብላ የሚለውን ትምህርት አብረን ሰምተናል፤ እሷ ግን ያን ምግብ ከየት ታምጣው? ገንዘብ ያላቸውም ከችግሩ አላመለጡም። የማውቃቸው ደህና ገቢ ያላቸው ሴቶች ጣሳውን ለመግዛት ስለማይቸገሩ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ጡጦ ያነሣሉ፤ ጡት ደግሞ ካልተጠባ ወተቱ ይቀንሳል።

ወተትሽን አልቢና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ የሚለውን ምክር አልተቀበልሁትም። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል ይባላል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን ይህን ማን ያምናል? ከፍሪጅ ውጭ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ስለሆነ ጠዋት አልቤ ለእናቴ እተዋለሁ፤ እሷም በጡጦ ሳይሆን በሲኒ ታጠጣዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ልጁን በባጃጅ ታመጣልኝና ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አጠባዋለሁ። የባጃጁን ሒሳብ የምከፍለው እኔ ነኝ። አለቃዬ ከምሳ ሰዓት በላይ የምቆይባትን ግማሽ ሰዓት ፈቅዶልኛል፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ከደመወዜ ላይ ይቆርጣታል።