የፒያኖ የመጀመሪያ ዓመት፦ ከአንዱ ትምህርት እስከ ቀጣዩ ባሉት ቀናት ምን ይሠራል?

ይህ ጽሑፍ በሳምንት አንድ ጊዜ ከግል አስተማሪ ጋር ፒያኖ መማር ለጀመሩ ጎልማሶች ነው። አስተማሪው ቢበዛ አንድ ሰዓት ያያችኋል፤ የቀሩት ስድስት ቀናት የእናንተ ናቸው። ጣት የሚለምደውም የሚበላሸውም በእነዚያ ቀናት ነው። ብዙ ጀማሪ ስድስት ወር ሳይሞላው የሚያቆመው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለማመድ ማንም ስላላሳየው ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የማተኩረው በልምምዱ አሠራር ላይ ነው።

ስለ መሣሪያው ባጭሩ። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። ለመጀመሪያዎቹ ወራት 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ያስኬዳል፤ ግን እንደ አነካካችሁ ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚል መሆን አለበት፣ ፔዳል የሚሰካበት ቀዳዳም ያስፈልገዋል። ቁልፉ ቀላል በሆነ ኪቦርድ ብቻ ለረጅም ጊዜ የተለማመደ ሰው የእንጨት ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ አራተኛና አምስተኛ ጣቱ ድምፅ ለማውጣት አቅም ያጥራቸዋል። አቅም ከፈቀደ ቁልፉ እንደ እንጨት ፒያኖ የሚከብድ ባለ 88 ዲጂታል ይመረጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው በጆሮ ማዳመጫ ማታም መለማመድ ስለሚያስችል ትልቅ እፎይታ ነው፤ ድምፁን ግን ከመጠን በላይ አትቀንሱት። ድምፁ ሲያንስ እጅ ሳይታወቀው ቁልፉን መደብደብ ይጀምራል፣ ያ ልማድ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። የእንጨት ፒያኖ ያላችሁ ከመስኮት ፀሐይና ከምድጃ ግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡት። በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ የድምፅ ሰሌዳው ይኮማተርና ቅኝቱ ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይጠጣና ይወጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ወቅቱ ተለውጦ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ማስቃኘት ይበጃል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ወንበሩን ሞልታችሁ አትቀመጡ፤ ግማሹን ብቻ ያዙ። ሁለቱም እግሮች ወለሉን ይርገጡ። እጃችሁን ቁልፉ ላይ ስታሳርፉ ከክርን እስከ አንጓ ያለው ክንድ ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ወንበሩ ዝቅ ካለ አንጓው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከፍ ካለ ትከሻ ይነሳል። ቤት ውስጥ ከፍታው የሚስተካከል ወንበር ከሌለ የተጣጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከሥር ማድረግ ይበቃል። ጥፍር አጭር ይሁን፤ ረጅም ጥፍር ጣትን ያንጋድደዋል፣ ጣቱም በጫፉ ሳይሆን በሆዱ መጫወት ይለምዳል።

ጣቶች ቁጥር አላቸው፦ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ 5። በሁለቱም እጅ እንዲሁ ነው። ብዙ አስተማሪዎች በዶ ይጀምራሉ፣ ነጮቹ ብቻ ስለሆኑ ለንባብ ይቀላልና። ለእጅ ቅርፅ ግን የሙዚቃ ደራሲው ሾፓን ተማሪዎቹን ያስጀምርበት የነበረው አቀማመጥ ይሻላል፦ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ሲ (እዚህ ሻርፕ ማለት ከነጩ በስተቀኝ ያለው ጥቁር ቁልፍ ነው)። ሦስቱ ረጃጅም ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ ሲያርፉ አውራና ትንሿ ጣት ነጮቹ ላይ ይወድቃሉ፤ እጅ ማንም ሳያዘው የተፈጥሮ ቅስቱን ይይዛል። በቀን ሁለት ደቂቃ ለዚህ ስጡ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥቁሮቹን ብቻ ከፋ ሻርፕ ተነስታችሁ ብትሄዱባቸው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው፤ ያንኑ ከሚ ፍላት (ከሚ በስተግራ ካለው ጥቁር) ብትጀምሩት ባቲ ማይነር ይሆናል። ገና ኖታ ማንበብ ያልቻለ ሰው እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት በግራ እጁ ፋ ሻርፕን ይዞ በቀኙ ዜማ መፈለግ ይችላል። ከደረቅ ልምምድ በኋላ አምስት ደቂቃ እንዲህ መጫወት ነገ ለመመለስ ጉልበት ይሰጣል።

የቤት ልምምድ

በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቀን። እሁድ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ሌላውን ቀን መተው አይሠራም፤ ጣት የለመደውን የሚያጸናው በመሐል እንቅልፍ ሲያገኝና ሲደጋገም ነው። ሠላሳውን ደቂቃ ለምሳሌ እንዲህ ማከፋፈል ይቻላል፦ አምስት ደቂቃ ስኬል (ድምፆችን በቅደም ተከተል መውጣትና መውረድ)፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አዲሱ ዜማ፣ ስምንት ደቂቃ ባለፉት ሳምንታት የተሠራው፣ አምስት ደቂቃ አዲስ ኖታ በእይታ ማንበብ። ለንባብ የሚመረጠው ከደረጃችሁ በጣም የቀለለ መሆን አለበት። በጣም ዝግ ብላችሁ ጀምሩ፣ ብትሳሳቱም አትቁሙ፤ ዓይን ወደፊት መሄድን የሚለምደው እንዲህ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። አብዛኛው ጀማሪ ዜማውን ከመጀመሪያው ይነሳል፣ አሥረኛው ባር (ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፈልበት ክፍል) ላይ ይወድቃል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። በሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ባሮች ሃምሳ ጊዜ ተጫውቷቸዋል፣ አሥረኛውን ደግሞ ሃምሳ ጊዜ ስህተት አስተምሮታል። መድኃኒቱ ከመጨረሻው መጀመር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ባሮች ያዙ፤ ቀኝ እጅ ለብቻ፣ ግራ እጅ ለብቻ፣ ከዚያ በጣም ዝግ ብሎ አንድ ላይ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ስህተት ከወጣ ከፊታቸው ያሉትን ሁለት ባሮች ጨምሩ። እንዲህ ስትሠሩ ዜማው ሁልጊዜ ወደምታውቁት ቦታ ይሄዳል፤ ወደማታውቁት እየሄደ አያስፈራችሁም።

ክፍሎቹን ስትቆርጡ ድንበሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ባር ከተለማመዳችሁ የሦስተኛውን የመጀመሪያ ድምፅ ጨምራችሁ ቁሙ። ይህ ካልተደረገ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይሳካና ሲገጣጠም በየመጋጠሚያው ያደናቅፋል።

ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ)፦ አዲስ ነገር በደቂቃ በ60 ምት ይጀመራል፤ ያ ከፈጠነ በ48። ሦስት ጊዜ ንጹህ ሲወጣ በ4 ጨምሩ፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲበላሽ በ8 መልሱ። አንድ ፍጥነት ላይ ቀናት ሙሉ ተቸክላችሁ ከቀራችሁ ችግሩን ፍጥነቱ ላይ አትፈልጉት። በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የጣት ቁጥሩ ትክክል አይደለም፣ ወይ አንጓው ወይም ትከሻው ተወጥሯል። በዝግታ ምንም ጣት ይደርሳል፤ በፍጥነት የሚደርሰው ትክክለኛው ብቻ ነው። ለዚህ ነው የጣት ቁጥር በመጀመሪያው ቀን በእርሳስ ተጽፎ በየቀኑ ያንኑ መጠቀም የሚያስፈልገው። ዛሬ በ3 ነገ በ4 የሚመታ ድምፅ መቼም አይለመድም።

ሕመም ከተሰማችሁ፣ በተለይ አንጓ ወይም የክንድ ላይኛው ክፍል ከተቃጠለ፣ ወዲያው ቁሙ። ድካም ሌላ ነው፣ ሕመም ሌላ። «ጣቴ እስኪጠነክር ልቻለው» የሚለው ሐሳብ ለወራት የሚያስቆም ጉዳት ያመጣል።

ስኬልና አውራ ጣት

ዶ ሜጀር በቀኝ እጅ ወደ ላይ 1-2-3-1-2-3-4-5 ነው፤ በግራ እጅ ወደ ላይ 5-4-3-2-1-3-2-1። እንከኑ የሚታየው አውራ ጣት ከሥር ሲያልፍ ነው፦ ክርን ወደ ውጭ ይወጣል፣ አራተኛው ድምፅም ከሌሎቹ ጎልቶ ይጮሃል። አውራ ጣት ጉዞውን ዘግይቶ ስለሚጀምር ነው። ሁለተኛው ጣት ሲመታ አውራ ጣት ከመዳፍ ሥር መንቀሳቀስ መጀመር አለበት። ፋ ሜጀር ላይ ቀኝ እጅ 1-2-3-4-1-2-3-4 ይሆናል፤ አራተኛው ድምፅ ሲ ፍላት ነውና አውራ ጣት ጥቁር ቁልፍ ላይ ከወደቀ እጅ ይጣመማል።

ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ለማድረግ መጀመሪያ በተቃራኒ አቅጣጫ ሂዱ። ሁለቱም አውራ ጣቶች መሐለኛው ዶ ላይ ይቀመጡ፣ ቀኙ ወደ ላይ፣ ግራው ወደ ታች። በሁለቱም እጅ አንድ ዓይነት ጣት በአንድ ጊዜ ስለሚመታ አእምሮ አይደናገርም። በአንድ አቅጣጫ መሄድ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ችክችካና ቅኝት

ለእኛ ጆሮ የቀረበውን ዜማ ወደ ፒያኖ ስናመጣ ሁለት ችግር ይገጥመናል፤ የምዕራባውያን የጀማሪ መጽሐፍ አይነካቸውም።

አንደኛው ምት ነው። ችክችካ በኖታ ሲጻፍ በአብዛኛው 6/8 (በአንድ ባር ስድስት ቆጠራ) ነው፤ በውስጡ ሁለትና ሦስት ይጋጠማሉ። ጆሯችን ያውቀዋል፤ የሚከብደው ለሁለት እጅ ማከፋፈሉ ነው። ጮክ ብላችሁ እስከ ስድስት ቁጠሩ። ግራ እጅ 1 እና 4 ላይ፣ ቀኝ እጅ 1፣ 3 እና 5 ላይ ይምታ። ቅደም ተከተሉ ሁለቱም፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ይሆናል። መጀመሪያ ጭናችሁ ላይ፣ ቀጥሎ በአንድ አንድ ቁልፍ፣ በመጨረሻ በዜማው። የሚበላሸው ግራ እጅ 4 ላይ መምታት ሲገባው ቀኙን ተከትሎ ወደ 3 ወይም ወደ 5 ሲሳብ ነው። ቆጠራውን በልብ ሳይሆን በአፍ ካደረጋችሁት ስህተቱ ወዲያው ይሰማል።

ሁለተኛው ግራ እጅ ምን ይያዝ የሚለው ነው። ከዶ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከእነዚህ አምስት ድምፆች የሚወጡት ሙሉ ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዶ ሜጀር እና ላ ማይነር። ጀማሪ ግን መጽሐፉ ስላስለመደው ፋ ሜጀርንና ሶል ሜጀርን ይጨምራል፤ ፋና ሲ የቅኝቱ ስላልሆኑ ትዝታው ትዝታነቱን ያጣል። እንደ እኔ አስተያየት በመጀመሪያው ዓመት ግራ እጅ ዶና ሶልን ብቻ ቢይዝ፣ አንዳንዴም እየተፈራረቀ ቢመታቸው ከሁሉ ያምራል። አምባሰል ላይም (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ዶና ሶል ይሠራሉ። አንቺሆዬ ላይ ግን አይሠሩም፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነውና ሶል የለም። እዚያ ዶና ፋን ያዙ።

ለጣት አሠራር፦ ትዝታ ሜጀር ከዶ በሁለት ኦክታቭ (አንዱ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ነው) በቀኝ እጅ 1-2-3-1-2 ተደጋግሞ መጨረሻው ዶ ላይ በ3 ይዘጋል። በግራ እጅ 3-2-1-2-1 ተደጋግሞ በ2 ይዘጋል። ማሲንቆ በድምፆች መካከል የሚያንሸራትተውን ፒያኖ አያወጣውም፤ ከዋናው ድምፅ በፊት የቅኝቱን ጎረቤት ድምፅ በፍጥነት ነክቶ ማለፍ ይቀርበዋል። ይህን ለመስማት ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን (1923–2023 እ.ኤ.አ.) አድምጡ። ምቱ እንደ ንግግር ይረዝማል ያጥራል፤ እንዲህ ላለው አጨዋወት ሜትሮኖሙን አጥፉት።

ከአስተማሪው ጋር

አስተማሪ ስትመርጡ በሙከራው ትምህርት ላይ ምን እንደሚያይ ልብ በሉ። ከድምፁ በፊት አቀማመጣችሁንና እጃችሁን የሚያርም፣ ለሳምንቱ የሚሠራውን ጽፎ የሚሰጥ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ለምትፈልጉ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለፉትን ማጠያየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ወደ ትምህርቱ ስትሄዱ ዜማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማሳየት አትቸኩሉ። የሚሰናከልባችሁን ባር ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱና «ይህን እንዴት እንደምለማመድ ያሳዩኝ፣ እርስዎ ፊት ልለማመደው» በሉ። አሥር ደቂቃ እንዲህ መሥራት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። አስተማሪው ፈቃደኛ ከሆነ የሚያሳየውን በስልክ ቅረጹ፤ ረቡዕ ላይ የጣት ቁጥሩ ሲጠፋችሁ ታዩታላችሁ።

ፔዳልን አስተማሪው ካላዘዘ በመጀመሪያዎቹ ወራት አትንኩት፤ ያልተያያዘ ድምፅን ስለሚሸፍን ጣት መሥራት ያለበትን ሥራ ይተዋል። ሲጀመር ደግሞ ከኮርዱ ጋር እኩል አይረገጥም። አዲሱ ኮርድ ሲመታ እግር ይነሳል፣ ድምፁ ከወጣ በኋላ ወዲያው ይረገጣል። እኩል ከተረገጠ የቀደመው ኮርድ ተቀላቅሎ ይጮሃል። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ግማሽ ድምፅ (የሁለት ተከታታይ ቁልፎች ርቀት) ስለሌለ ረጅም ፔዳል ይታገሣል። ባቲ ሜጀር ላይ ሚና ፋ፣ ሲና ዶ፤ አምባሰል ላይ ዶና ሬ ፍላት፣ ሶልና ላ ፍላት ይጋጫሉ። እነዚህ ጥንዶች በመጡ ቁጥር ፔዳሉ መለወጥ አለበት፤ ቦታቸውን ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።