ተርነር ጆይ፦ የሌለ ጠላት ያሳደደችው መርከብ

በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ካለችው ሲያትል ወደ ብሬመርተን ከተማ የሚያሻግረው ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከወረዱ በኋላ የወደቡን ዳር ይዞ ጥቂት መራመድ ነው፤ ተርነር ጆይ ግራጫዋን ተቀብታ ቆማለች። የተሠራችው እዚያው ማዶ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቀለች፣ በ1982 ጡረታ ወጣች፣ ዛሬ ሙዚየም ናት።

ዴስትሮየር የሚባለው የጦር መርከብ ሥራው ትልልቆቹን መርከቦች ከሰርጓጅና ከአውሮፕላን መጠበቅ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ፍጥነት ይፈለግበታል። ይህቺኛዋ 127 ሜትር ትረዝማለች፤ አንድ መድፍ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ይዛለች። ስሟን ያገኘችው ከአድሚራል ቻርልስ ተርነር ጆይ ነው። እኚህ ሰው በሐምሌ 1951 በተጀመረው የኮሪያ የተኩስ አቁም ድርድር የተባበሩት መንግሥታትን ወገን የመሩ ናቸው። እሳቸው ጠረጴዛ ከበው ሲከራከሩ የእኛ የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ ተራሮች ላይ እየተዋጉ ነበር። ይህን በመርከቧ ላይ የሚነግር የለም፤ እኔ ግን ሳላስበው ማለፍ አልሆነልኝም።

ከምኝታ ክፍሉ ብዙም አልቆየሁም። ሦስት ሦስት ሆነው የተደራረቡት አልጋዎች ለአንድ ጎረምሳ ትከሻ እንኳ የሚበቁ አይመስሉም። ልቤን የያዘው የውጊያ መረጃ የሚጠናቀርበት ጠባብ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። ክብ የራዳር መስታወቶች፣ የመርከቦች አቅጣጫ በእርሳስ የሚሰመርበት ጠረጴዛ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ገመዶች አሉ። ባሕሩን ማየት የሚቻለው በመሣሪያ በኩል ብቻ ነው።

ነሐሴ 2 ቀን 1964 ማዶክስ የተባለች ሌላ ዴስትሮየር ከሰሜን ቬትናም ጠረፍ ፊት ለፊት ባለው ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ቶርፔዶ (ውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) በሚተኩሱ ሦስት የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ተጠቃች። ይህ የሆነ ነገር ነው። ተርነር ጆይ ልታግዛት ደረሰች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 4 ሌሊት፣ ሰማዩ ጠቁሮ ባሕሩ ሲናወጥ፣ በራዳሩ ላይ ነጠብጣቦች ታዩ፤ የማዶክስ የድምፅ መስሚያ ባለሙያዎችም ቶርፔዶ በላይ በላዩ እየመጣ ነው አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሁለቱም መርከቦች ጨለማውን በመድፍ ደበደቡት። የተርነር ጆይ መስሚያ ግን አንድም ቶርፔዶ አልሰማም ነበር። የቅኝቱ አዛዥ ካፒቴን ሄሪክ ራሳቸው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጥርጣሬያቸውን ለበላዮቻቸው ላኩ፤ የአየር ጠባዩ ራዳሩን፣ መጓጓት ደግሞ ሰሚዎቹን ሳያሳስታቸው አልቀረም የሚል።

የሰማቸው ግን አልነበረም። ነሐሴ 7 ቀን የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 416 ለዜሮ፣ ሴኔቱ 88 ለ2 ድምፅ ሰጥቶ ለፕሬዚዳንት ጆንሰን ጦርነት ሳይታወጅ ጦር የማዝመት ሥልጣን ሰጠ። በ1995 የያኔው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ማክናማራ ሃኖይ ሄደው፣ በጦርነቱ ጊዜ የሰሜን ቬትናምን ጦር ይመሩ የነበሩትን ጄኔራል ዢያፕን ሲጠይቁ፣ ያን ሌሊት ጥቃት አልነበረም የሚል መልስ አገኙ። በ2005 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የታሪክ ጥናትም ከዚሁ ደረሰ።

እኔ በመርከበኞቹ አልፈርድም። ያ ክፍል መልሕቅ ተጥሎ እንኳ ያፍናል፤ በማዕበል ሌሊት የሃያ ዓመት ልጅ እዚያ ተቀምጦ ማዕበሉን ከጀልባ ይለይ ማለት ከባድ ነው። ዋሽንግተን ሆኖ፣ ጥርጣሬው እጁ ገብቶ የተቻኮለው ግን ሌላ ነው።

ወደ ኋላ መድፎች ስሄድ ጎብኚዎችን የሚያስረዱትን አዛውንት፣ «ያን ሌሊት ከመርከቧ የሞተ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማንም» አሉ። «የሞቱት በሚቀጥለው ዓመት ነው።»

በጥቅምት 1965 ደቡብ ቬትናም ውስጥ ቹላይ አጠገብ ስትተኩስ፣ በጋለ መድፍ ውስጥ የተቀረቀረ ጥይት ሊወጣ ሲል ፈንድቶ ሦስት መርከበኞች ተገደሉ፣ ሦስት ቆሰሉ። ተርነር ጆይ ከዚያም በኋላ ወደ ቬትናም ስትመላለስ ኖራ፣ በጥር 1973 የተኩስ አቁሙ ሊጸና ሲል እንኳ መድፎቿ ገና ይተኩሱ ነበር።